የልብስ ውሃ፣ የግድግዳ ውሃ

ሰኔ 9 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እታለምስ ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው? እኔና ልጄ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። የልጄ አባት እንደሚያውቁት መርከብ ላይ ነው፤ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳል ብለን እንጠብቃለን። «ስልክ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ተርብ ነው የሚጮኸው፤ ከፈለግሽኝ ጻፊልኝ» ስላሉኝ፣ ይኸው እጽፋለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ ትልቅ አይደለም፤ ስለ ልብስ ነው። አውቶቡስ ስነዳ የምለብሰው የሥራ ልብስ በየጊዜው መታጠብ አለበት። የልጅ ልብስ ደግሞ ማለቂያ የለውም። የምንኖረው ከሕንፃው ሥር፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። መስኮታችን የሚከፈተው ሁለት ሰው ጎን ለጎን ወደማያሳልፍ መተላለፊያ ስለሆነ ፀሐይ አድራሻችንን አታውቅም። ደጅ ማስጣት ደግሞ ክልክል ነው፤ አከራያችን የሕንፃው መልክ ይበላሻል ይላል። ስለዚህ ከቁምሳጥኑ እስከ መስኮቱ ገመድ ወጥሬ እዚያው መኝታ ክፍል አሰጣለሁ። አጎቴ፣ ልብሱ እንቢ አለኝ። ሰንብቶ ሰንብቶ ስነካው እንደ እንቁራሪት ሆድ ይቀዘቅዛል፤ ሽታው ደግሞ ድንች የበሰበሰበት ጆንያ ነው። በቀደም ካልሲ በፀጉር ማድረቂያ ሳደርቅ ልጄ እስክትንፈራፈር ሳቀችብኝ።

አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ከአየር ላይ ውሃ የሚስብ ማሽን አየሁ። እርጥበት መጣጭ ይሉታል። ሻጩ ልብስ ለሚያሰጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም አለኝ። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነዎትና ልጠይቅዎ ብዬ ነው። እውነት ነው? ወይስ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ሞተች ዋኝታ» ይሆንብኛል?

ደግሞስ ያ የፍሪጅ ጋዝ መለኪያ? አምና «ደህና መለኪያ ብታገኚ» ብለውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላነሱትም። አሁንም የሚፈልጉት ከሆነ ልፈልግልዎ።

ስም ያወጡላት፣
ጥድፊያ


ሰኔ 26 ቀን

ለልጄ ለጥድፊያ፣

ከመንገድ እንቅፋት፣ ከሰው ክፋት ይሰውርሽ። መሪ የሚይዘውን እጅሽን ያጽናልሽ። እታለምሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከሬዲዮው ቀድሞ ይነግረናል።

ማሽኑ እውነት ነው። ነገሩም ቀላል ነው። ከፍሪጅ ያወጣሽው ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበዋል አይደል? ያ ላብ ከጠርሙሱ አልወጣም፤ ከክፍሉ አየር ነው የመጣው። ማሽኑም እንደዚያው ነው። አየሩን ስቦ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ያሳልፈዋል፤ ውሃው ተንጠባጥቦ ባልዲው ውስጥ ይገባል፤ ደረቁን አየር ሞቅ አድርጎ በሌላ በኩል ይተፋዋል። ደረቅ አየር ማለት ውሃ የጠማው እንግዳ ነው። ልብስሽ ላይ ያገኘውን ጠጥቶ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፤ እዚያ አራግፎ እንደገና ይሄዳል። ለዚህ ነው መስኮት ተከፍቶ የማይሠራው። መስኮቱን ከከፈትሽው የመንደሩን ዝናብ ሁሉ ላድርቅ ብለሽ መነሣትሽ ነው።

ስትገዢ መልኩን አትዪ። በቀን ምን ያህል ውሃ እንደሚያወጣ ጠይቂ፤ ባልዲው ቶሎ ቶሎ የሚሞላ እንዳይሆን፣ ሲሞላም በራሱ የሚቆም እንዲሆን። ቱቦ የሚቀጠልበት ቀዳዳ ካለው ውሃውን ወደ መታጠቢያው ፍሳሽ መልቀቅ ትችያለሽ። የክፍሉን እርጥበት በቁጥር የሚያሳይ ከሆነ እሰዬው፤ ካልሆነ ትንሽ እርጥበት መለኪያ ለብቻው ግዢ። ቁጥሩ ከስድሳ በመቶ በላይ እየዋለ ልብስ ይደርቃል ብለሽ አትጠብቂ። ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠውን፣ እንደ መጫወቻ የምታምረዋን ትንሿን ግን እንዳትነኪያት። እሷ ለጫማ ሳጥን ነው የተሠራችው።

የጥገና ሱቄ ደህና ነው። ይህንንም የምጽፍልሽ ከጠረጴዛዬ ሆኜ፣ ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጥኩ ነው። መለኪያውን ተዪው፤ አያስቸኩልም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ስለ ካልሲ ይህን ሁሉ የጻፈች እናት ስለ ልጇ «ደህና ነን» ብላ አለፈች። ልጅቷ እንዴት ናት?

አጎትሽ


ሐምሌ 8 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣

ጤናዎን ያብዛልዎ፤ ለእታለምም ጉልበት ይስጥልኝ።

ፊት ለፊት ሆኜ እርስዎን መዋሸት እንደማልችል አውቃለሁ። በሩቅ ይቻላል ብዬ ነበር፤ አልተቻለም። ልጄ ታስላለች። ስትተኛ ደረቷ ውስጥ ፉጨት አለ። ሐኪሙ ጆሮውን ሰጥቶ ካዳመጣት በኋላ ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ቤቱ ጠየቀኝ። ከአልጋዋ ራስጌ ያለው የግድግዳ ጥግ ጠቁሯል አልኩት። ሻጋታ ነው። እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል። «መድኃኒቱን እሰጥሻለሁ፤ ያ ግድግዳ ካልደረቀ ግን ስንመላለስ መክረማችን ነው» አለኝ።

ለአከራያችን ነገርኩት። እኛ ተከራዮቹ ባለሽቶው ነው የምንለው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ደረጃውን ይወርዳል። መጣ፣ ግድግዳውን አየ፣ ቀና ብሎ የተሰጣውን ልብስ አየ፤ በዚያው ፈረደ። ግድግዳዬን ያበሰበሰው ያንቺ እጥበት ነው አለ። ነሐሴ እስኪያልቅ ካልደረቀ ቤቱን እንድለቅ ነገረኝ። ከእኔ ወጥቶም ደረጃ ላይ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ነበር የዋለው፤ ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ ባልዲ ይዤ ሲያዩኝ ፊታቸው ይለወጣል።

ልጅ ይዤ፣ ባሌ ባሕር ላይ እያለ፣ በብርድ ቤት ፍለጋ መዞሩ ያስፈራኛል። ከሱ የባሰው ግን ሰውየው እውነቱን ይሆናል ብዬ ማመኔ ነው። በገዛ እጄ ባጠብኩት ልብስ ልጄን ያሳመምኳት እኔ ነኝ እያልኩ አውቶቡሱን እነዳለሁ። አንድ ቀን በዚህ ሐሳብ ፌርማታ አልፌ ተሳፋሪ ጮኸብኝ።

ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ማሽን ገዛሁ። የትኛውን? አትንኪያት ያሉኝን። ዳቦ የምታህል፣ ድምፅ የሌላት፣ ደስ የምትል። ቀኑን ሙሉ ሠርታ የሰጠችኝ ውሃ የልጄን የመድኃኒት ማንኪያ ሞልቶ ትንሽ ቢተርፈው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ደግነቱ ሻጩ መልሶ ተቀበለኝ። አሁን ሁለት ዓይነት ትልልቅ ማሽን አሳይቶኛል። አንዱ እንደ ፍሪጅ ሞተር ያለው ነው። ሌላው ሞተር የለውም፤ በውስጡ እርጥበት የሚጠጣ መንኮራኩር ይዞራል ይላል። ክፍሌ በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ ጠዋት ስናወራ ትንፋሻችን ይታያል። የትኛውን ልውሰድ? አሁን አልቸኩልም፤ እጠብቅዎታለሁ።

ስለ መለኪያው «ተዪው» ብለው አያውቁም ነበር። እርስዎም ደህና ይሁኑልኝ።

ጥድፊያ


ሐምሌ 27 ቀን

ለልጄ፣

ለሕፃኗ ምሕረቱን ይላክላት፤ ለአንቺ ልብ ይስጥሽ።

ስለዘገየሁ ተቀየምሽኝ ይሆናል። የማላውቀውን ጠይቀሽኝ ነው። ሞተር የሌለው ማሽን ከፍቼ አላውቅም ነበር፤ እንዲሁ በግምት ብመልስልሽ ደግሞ የግምቴን ዋጋ የምትከፍለው ልጅሽ ናት። እዚህ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ሁለት እንዲህ ያሉ ማሽኖች መጋዘን ውስጥ አሉ ስትል መስማቴን አስታወስኩ። ከሆነ ቦታ ተልከው ምን እንደሚሠሩ የጠየቀ ሳይኖር አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ሄጄ ለመንኳት። «ብቻ የፈታኸውን መልሰህ ግጠም» ብላ ሰጠችኝ። አንደኛው ያንቺ ባለ መንኮራኩር ሆኖ ተገኘ። ፈትቼ አየሁት፣ ገጥሜም አስነሣሁት። ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ያለው ማሽን ሙቀት ባለበት ክፍል ጎበዝ ነው፤ መብራትም ብዙ አይበላም። ክፍሉ እንዳንቺው ሲቀዘቅዝ ግን ብረቱ ላይ ያለው ውሃ በረዶ ይሆንበታል። ያኔ ሥራውን ትቶ የራሱን በረዶ ሲያቀልጥ ይውላል። ባለ መንኮራኩሩ በረዶ አያውቅም። እርጥበቱን ይጠጣል፣ በማሞቂያ አሙቆ ያስወጣዋል፤ ክፍሉንም ሞቅ ያደርገዋል። መብራት ይበላል፤ ለዚያ ክፍል ግን እሱን ውሰጂ።

አሠራሩንም ልንገርሽ። ልጅቷን ወደ ፊተኛው ክፍል አውጪያት። ልብሱን ማጠቢያ ማሽንሽ ሁለት ጊዜ ይጭመቀው፤ ማሽን በቀላሉ የሚያወጣውን ውሃ ከአየር ላይ መልቀም ምን አደከመሽ? ስትሰቅዪ በልብስና በልብስ መካከል መዳፍሽ ይለፍ። ወፍራም ወፍራሙን ለነፋሱ አቅርቢው፤ ሱሪውን ገልብጠሽ ኪሱን አውጪው። ማሽኑ ልብሱን ከታች ይንፋው፤ የሚንጠባጠብ ነገር ግን በላዩ አይሁን። በሩንም መስኮቱንም ዝጊ። ማጣሪያውን በየጊዜው አራግፊ፤ የልብስ ብናኝ ያፍነዋል። ሶኬቱን ግድግዳው ላይ ሰኪው፤ በማስረዘሚያ ገመድ አይሁን። ውሃው ንጹሕ ይመስላል፤ እንዳትጠጪው።

አይዞሽ። በገዛ እጅሽ ልጅሽን አላሳመምሽም።

አጎትሽ

(ከወረቀቱ ጀርባ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት)

ልጄ፣ እታለም ነኝ። ሳያይ ነው የምጽፈው። ሱቁ ከተዘጋ ከርሟል። ጆሮው ደክሟል። ሞተር በድምፁ ነበር የሚያውቀው፤ ሲሳሳትበት ጊዜ ቆለፈውና ቤት ተቀመጠ። መለኪያም ምንም አልፈልግ ያለሽ ለዚህ ነው። ያንቺ ጥያቄ ሲመጣ ግን መፍቻዎቹን ከአልጋ ሥር አወጣ። በመዳፉ እየዳሰሰ ነው የሠራው። ነገረችኝ እንዳትዪው።


ነሐሴ 6 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣

ለእጅዎ ብርታት፣ ለቤትዎ ሰላም እመኛለሁ።

ባለ መንኮራኩሩን ወሰድኩ። ዕረፍቴ የነበረ ቀን፣ እንዳሉኝ አድርጌ ሰቀልኩ፤ የኪስ ከረጢት እንኳ አልቀረኝም። በሩን ዘጋሁ። ልጄና እኔ ፊተኛው ክፍል ቁጭ ብለን ልክ ምጥ እንደሚጠብቅ ሰው በሩን እናያለን። ከምሳ በኋላ ገባሁ። አጎቴ፣ የሥራ ሱሪዬ ደርቋል። ደርቆ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ሽታ የለውም። ፎጣውን ፊቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ። ባልዲውን ሳወጣ ሁለት እጅ የሚፈልግ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ልጄ አየችውና «ዝናቡን ያዝሽው?» አለችኝ።

ድምፁን በጽሑፍ መላክ አይቻልምና መዳፌን ጫንኩበት። ሲነሣ ትንሽ ይርገበገባል፤ ከዚያ እንደተኛ ድመት ሆድ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህ ጤናው ነው? እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁት ይመስለኛል።

ልጄ ፊተኛው ክፍል ከተኛች ወዲህ ሳሉ ቀንሷል። የእርጥበት መለኪያው ቁጥርም በጣም ወርዷል። ያ ጥግ ግን አልደረቀም። ክፍሉ በሙሉ እንደ ብስኩት ደርቆ እሱ ብቻ ያልበዋል። ልብስ በሰቀልኩበትም ባልሰቀልኩበትም ቀን መልኩ አንድ ነው።

ባለሽቶው ትናንት መጣ። ማሽኑን አይቶ ፈገግ አለ። «ይሄን ሁሉ ገዝተሽም ካልደረቀ፣ ምን ያህል ውሃ ስታፈሺበት እንደኖርሽ አየሽ?» አለኝ። ነሐሴ እየሄደ ነው። የማሽኑ ጉድለት ይሆን?

ጥድፊያ


ነሐሴ 13 ቀን

ልጄ፣

ፖስታ እንዳይዘገይ ወደዚያ ለምትመጣ የፋርማሲ ሠራተኛ ሰጥቻታለሁ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ።

ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ የጻፍሽልኝ ሁሉ የጤነኛ ማሽን ጠባይ ነው። ሰውየው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እየደበደበ ነው። የልብስ ውሃ ግድግዳ ላይ የሚደርሰው በአየር ተሳፍሮ ነው። አየሩ ደርቆ ግድግዳው ካላበ፣ ያ ውሃ በአየር አልመጣም። ከኋላ ነው የመጣው።

ይህን ማስመስከር ትችያለሽ። የቀዝቃዛ ማከማቻ ግድግዳ ስንሠራ እንዲህ እናደርግ ነበር። ከዚያ ክፍል ልብሱን በሙሉ አውጪ፤ ማሽኑ ብቻ ይሥራ። እርጥቡን ቦታ በጨርቅ አድርቂና ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ለጥፊበት፤ ዙሪያው አየር እንዳያስገባ በፕላስተር በደንብ ይታሸግ። ቀን ይለፍበት። ውሃው በላስቲኩ ፊት፣ በክፍሉ በኩል ከያዘ፣ የአንቺ ነው። ከላስቲኩ ኋላ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ፣ የእሱ ነው።

አንቺ እንዳትለጥፊው። እሱ በገዛ እጁ ይለጥፈው፤ ሰውም ይይ።

አጎትሽ


ነሐሴ 28 ቀን

ለተከበሩት አጎቴ፣ ለእታለምም፣

ደስታዬ ከእኔ ቀድሞ ይድረሳችሁ።

ላስቲኩን አጥፌ ይዤ ባለሽቶው ቢሮ ሄድኩ። ለጠብ እንዳልመጣሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ የነሐሴን መጨረሻ ሳልጠብቅ እንደምወጣ ነገርኩት። ይህ ደስ አለው፤ ተነሥቶ ተከተለኝ። ከላያችን የምትኖረውን ጡረታ የወጣች አስተማሪ ለምስክርነት ጠርቻት ነበር። እንደማንኛውም ጎረቤት እሷም ልብሱን ነበር የምትወቅሰው፤ ግን ፍርድ ትወዳለች።

ጨርቁን ተቀብሎኝ ግድግዳውን አበሰ። ላስቲኩን ራሱ ዘረጋ፣ ፕላስተሩን ራሱ ለጠፈ፣ ጥርዝ ጥርዙን በአውራ ጣቱ እየተጫነ አሻሸ። ጥንቁቅ ሰው ነው፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ያጠብኩትን በሙሉ ፊተኛው ክፍል አወጣሁ፤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ማሽኑ ብቻ ቀረ።

በቀጠሮው ሁለቱም መጡ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ወደ ግድግዳው ማየት አቃተኝ። ያየሁት የሰውየውን ጀርባ ነው። የላስቲኩን ፊት በመዳፉ ዳሰሰ። ደግሞ ዳሰሰ። አስተማሪዋ መነጽሯን አድርጋ ጠጋ አለችና እሷም በጣቷ ነካችው፤ ጣቷን አየችው። ደረቅ ነበር።

ከዚያ ሰውየው የላስቲኩን አንድ ጥግ ይዞ ሳበ። ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ተንዠቅዥቆ በእጅጌው ገባ፤ ሽቶ የተቀባው ሸሚዝ እስከ ክርኑ ራሰ።

አስተማሪዋ ለተማሪ እንደምትናገር ቀስ ብላ፣ «ይኼስ የማን እጥበት ነው?» አለችው።

የራሰ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞ ቆመ። እኔም አልሳቅሁም፣ አልጮህኩም፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እነዚያን ሳምንታት ሁሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። ልጄን ያሳመማት የእኔ እጅ አልነበረም።

የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ልስኑን ሲያፈርስ፣ ወደ አስተማሪዋ መታጠቢያ የሚወጣው ቧንቧ ግድግዳው ውስጥ ዝጎ ተበልቶ ተገኘ። ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ሲያስነጥስ አየነው። ሠራተኛው ይህ ከጀመረ ከርሟል፣ እናንተ ሳትገቡም ነበረ አለ።

ባለሽቶው ሁሉንም በራሱ ወጪ እንደሚያሠራ፣ ቤቱንም እንዳልለቅ ነገረኝ። አመሰገንኩትና አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ደረጃ ላይ ለሁሉም ተናግረዋል። አለመሆኑንም እዚያው ደረጃ ላይ ይንገሩልኝ።» ፊቱ ቀላ። ይተወዋል ብዬ ነበር፤ አልተወውም። ሰው ከሥራ በሚገባበት ሰዓት መግቢያው ላይ ቆመ፣ ጎረቤቶቼም እየገቡ ቆሙ። «ተሳስቼ ነበር። የቧንቧዬ ውሃ ነው እንጂ የእሷ ልብስ አይደለም» አለ። ድምፁ ትንሽ ነበረ፤ ግን ሁሉም ሰማው። ልጄን ታቅፌ ነበር የቆምኩት።

ግድግዳው ተለስኖ ከመቀባቱ በፊት መድረቅ ነበረበት። በምን እንደደረቀ ይገምቱ። ያው ማሽን ቱቦ ተቀጥሎለት ጡቡን አደረቀው። አሁን ጥጉ ነጭ ነው፤ ልጄ ወደ አልጋዋ ተመልሳለች። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ደግሞ ጀርባዋን አዳምጦ፣ ፉጨቱን ፈልጎ አጣው። ጎረቤቶቼም አንድ በአንድ በሬን ያንኳኳሉ። የትኛውን እንግዛ፣ የት እናስቀምጠው ይላሉ። እኔም የእርስዎን ቃል እንደራሴ እያደረግሁ «መስኮቱን ዝጉ፣ ኪሱን ገልብጡ» እላለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ዕቃ ሰድጃለሁ። የጋዝ መለኪያ ነው፤ ፊቱ ሰፊ፣ ቁጥሩ ጎላ ያለ፣ ከሩቅ በዓይን የሚነበብ። ተዪው ብለውኛል፤ እኔ ግን ስሜ ጥድፊያ ነው።

ልጅዎ


መስከረም 14 ቀን

ለልጄ፣ ለድል አድራጊዋ፣

ያደረቅሽው ይድረቅልሽ፤ የዘራሽው ይለምልምልሽ። የልጅሽን ትንፋሽ የጠበቀ አምላክ የአባቷንም መርከብ በሰላም ያግባ።

ደብዳቤሽን እታለምሽ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እጅጌው ጋ ስትደርስ ማንበብ አቅቷት አስቀመጠችው፤ ስቃ ስትጨርስ ቀጠለች፤ ደግሞ አቋረጠች። እኔ መጨረሻውን ለማወቅ ከእጇ ነጥቄ ራሴ አነበብኩት።

እሷ ከጀርባው የጻፈችልሽንም አውቃለሁ። ፖስታውን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እንነጋገር። ጆሮዬ ሄዷል። የሞተር ድምፅ ሲጠፋብኝ ሥራዬም አብሮ የጠፋ መሰለኝ። አንቺ መዳፍሽን ጭነሽ የድመት ሆድ ነው ስትዪኝ፣ እኔም መጋዘኑ ውስጥ ያን ማሽን ስነካ ያው እንደተሰማኝ አሰብኩ። መለኪያሽ ደርሶኛል። ሱቁን ከፍቻለሁ። በእጄ እሰማለሁ፣ በዓይኔ አረጋግጣለሁ።

አሁን የጤና ጣቢያውን ልንገርሽ። ሁለተኛውን ማሽን ጠግኜ ጨረስኩና ሁለቱንም የአንሶላ ክፍላቸው ውስጥ ተከልኳቸው። ለአንቺ የጻፍኩልሽን ሁሉ እዚያ አደረግሁ፤ በሩ ይዘጋል፣ መዳፍ ያልፋል፣ ማጣሪያው ይራገፋል። አጣቢዋ መጀመሪያ «ይህ ሳጥን አንሶላዬን ሊያደርቅ?» ብላ ሳቀችብኝ። ዛሬ እሷ ናት ማንንም በሩን የማታስከፍት።

እዚያ በዝናብ ወቅት ጥያቄው አንድ ነው። ልጅ ሊወለድ ሲል አዋላጇ ከማዋለጃው ክፍል አንገቷን ብቅ ታደርግና «የደረቀ አለ?» ትላለች። ብዙ ጊዜ የለም። እርጥቡን በካውያ ያደርቁታል፤ ወይ ከቤተሰቡ አንዱ ኮቱን ያወልቃል። ስንት ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በእርጥብ ጨርቅ ነው የተቀበልነው።

ትናንት ዝናቡ እየወረደ ማጣሪያ ላራግፍ ሄጄ ነበር። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሳለ አዋላጇ ብቅ አለች። ድምፅዋን አልሰማሁም፤ ከንፈሯን ግን አነበብኩ። አጣቢዋ ከመመለሷ በፊት እኔ ቀደምኳት። «ሞልቷል» አልኩ። ጆሮ የሌለው ሰው ድምፁን አይመጥንምና ግቢው ድረስ ተሰማ አሉኝ፤ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዘወር ብለው ሳቁ። አጣቢዋ ከክፍሉ እስከ አገጯ የሚደርስ የታጠፈ ደረቅ ጨርቅ ታቅፋ ወጣች፤ በግራዋም በቀኝዋም ሰው መንገድ ለቀቀላት።

ሕፃኑ ሲያለቅስ አልሰማሁም። መተላለፊያው ላይ የቆሙት ሰዎች ፊት ሲፈካ ግን አየሁ።

አጎትሽ